ገደል አፋፍ ላይ ያለችው አክስት

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ግሮሰሪ ውስጥ ቆሜ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። የደወለችልኝ የዘመዳቸው የአቶ ግርማ ልጅ ናት፤ የደወለችውም ለሌላ ጉዳይ ነበር። ወሬውን በመሀል ነካ አድርጋ ልታልፍ ስትል፣ ምን አልሽ አልኳት። “ኦ ማይ ጋድ፣ የሰማሽ መስሎኝ እኮ ነው፤ አይም ሶ ሶሪ” አለችኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ። እኔ የሥጋ ዘመድ አይደለሁም፤ ጎህ ሲቀድ በሬን የሚያንኳኳ መርዶ ነጋሪ አይመጣልኝም። ሽንኩርቱን ካነሳሁበት መልሼ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር፤ ታመውም ከርመዋል። ሞታቸው ዱብ ዕዳ አልሆነብኝም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እትዬ አስካለ ከዚህ ዓለም ለራሳቸው የፈለጉት አንዲት መንገድ ብቻ ነበር፤ እሷን ሳያዩ ሄዱ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ትራቭል ኤጀንሲ አብረን እንሠራ ነበር። ቢሮዋ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ በጋ ከክረምት የእንፋሎቱ ሽታ ከታች እየወጣ ይፈጀናል። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነበር። እኔ በእግር የምደርስበት ሰፈር እየኖርኩ አረፍዳለሁ፤ እሳቸው ከአሌክሳንድሪያ ሁለት ባቡር ቀይረው መጥተው ቀድመውኝ ይገኛሉ። አጠር ያሉ፣ ደንደን ያሉ ሴት ነበሩ። ቀይ እርሳስ ሁልጊዜ ፀጉራቸው ውስጥ እንደተሰካ ነው፤ እሱን ሲፈልጉ ቢሮውን በሙሉ ያምሳሉ፣ እኔም አልነግራቸውም።

መንግሥት ተለውጦ ሰው አገር ቤት መግባት የጀመረበት ጊዜ ስለነበር ሥራ ሞልቶናል። ደንበኛው ቢለያይም መንገዱ አንድ ነው፤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ። ወይ ሰርግ አለ፣ ወይ የታመመ አለ፣ ወይ ለቅሶ አለ። ከሁሉ የሚከብደው ገና ላልተረዳ ሰው የሚገዛው ቲኬት ነበር። ዘመዶች ሞቱን ቀድመው ይሰማሉ፤ የሐዘኑ ባለቤት ግን ሰው ተሰብስቦ ማለዳ ቤቱ ገብቶ እስኪያረዳው ድረስ ምንም አያውቅም። ቲኬቱ አስቀድሞ ተገዝቶ አንዱ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰውየው ተረድቶ አልቅሶ ማታውኑ እንዲሳፈር። አንዳንዴ ታዲያ ያ ያልተረዳው ሰው ራሱ በዚያው ቀን ሰላም ሊለን ብቅ ይላል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነቱ ሰው፣ ባለታክሲ ነው፣ እየሳቀ ገባ። እኔ ልቤ ተንሰፈሰፈና ወንበር ሳብኩለት፣ ሻይ ልቅዳልህ አልኩት፣ ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠየቅኩት። ሰውየው ቀስ በቀስ ፊቱ ተለወጠ። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ከጠረጴዛቸው ብድግ ብለው፣ ታክሲህን ዕቃ የሚራገፍበት ላይ ገትረህ ስንቴ ነው ከልብስ አጣቢዎቹ ጋር የምታጣላን ብለው ጮኹበት። ሰውየው እፎይ አለ። እየተነጫነጨ ወርዶ መኪናውን አነሳ። ሲሄድ ወደ እኔ ዞረው፣ “ላልተረዳ ሰው ደግ አትሁኚ” አሉኝ። “እንደ ወትሮሽ ተቆጪው፣ ተከራከሪው። ሰውን ቀድሞ የሚያረዳው ደግነት ነው።”

እንዲህ ያሉ ሴት ናቸው እንግዲህ ካሊፎርኒያን የወደዱት።

ነገሩ የመጣው ከፖስተር ነው። አንድ አየር መንገድ የሰጠን ትልቅ ፖስተር ነበር፤ ገደል፣ በገደሉ ወገብ የሚጠማዘዝ መንገድ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ባሕር። እትዬ አስካለ ከፊት ለፊታቸው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ ይህ በሆነ በሳምንቱ የካሊፎርኒያ ካርታ ገዝተው መጡ። ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት ማለት ካርታ መዘርጊያ ሆነ። ሳን ፍራንሲስኮ ወርደን ድልድዩን እናያለን። ከዚያ ወደ ናፓ፣ ወይን ወደሚተከልበት ሸለቆ። ከዚያ ተመልሰን ወደ ባሕሩ፣ ሞንቴሬይ፣ ቢግ ሰር፣ ሳንታ ባርባራ፣ ሎስ አንጀለስ። “እናያለን” ሲሉ እኔን ጨምረው መሆኑን የነገረኝ የለም፤ አንድ ቀን ተጨምሬ ራሴን አገኘሁት።

ጊዜውንም ቆርጠውታል። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ በመስከረም፣ ወይኑ ሲለቀም። ወይን እንኳ እምብዛም አይጠጡም። ሰው በዚህ ሲያሾፍባቸው፣ “አስካለ ማለት የወይን ዘለላ ነው። ክርስትና ሲያነሱኝ ባወጡልኝ ስም እየተጠራሁ አርጅቻለሁ፤ አንድ ቀን ሄጄ እንጨቱ ላይ ባየው ምናለበት?” ይሉ ነበር። ለቀረው ጥያቄ ሁሉ ደግሞ መልሳቸው አንድ ነበር፤ ዓይንም እንደ ሆድ ይርበዋል።

መንጃ ፈቃድም አልነበራቸውም። ለዚሁ መንገድ ሲሉ በዚያ ዕድሜያቸው ተማሩ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አሌክሳንድሪያ እሄድና አንድ የገበያ አዳራሽ ሰፊ ፓርኪንግ ውስጥ አለማምዳቸዋለሁ። ነጠላቸውን ለብሰው መሪውን በሁለት እጅ ይይዙታል፤ እኔ ከአጠገባቸው ሆኜ ስለቴን እየቆጠርኩ እቀመጣለሁ። ነድተው አይሰለቹም፤ ችግራቸው ሌላ ነበር። አራት መንገድ የሚገናኝበት ስቶፕ ምልክት ላይ ከደረሱ አይንቀሳቀሱም። የመጣውን መኪና ሁሉ በእጃቸው “ይለፉ፣ ይለፉ” ይላሉ። የመንገዱ ፈተና ላይም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ፈታኙ ታዛቢ ሆኖ እስኪሰለቸው ድረስ የአሌክሳንድሪያን ሕዝብ ሲያሳልፉ ቆይተው ወደቁ። ብዙ ካዘኑ በኋላ፣ እትዬ፣ እዚህ አገር ተራዎን አለመውሰድ ነው ነውሩ አልኳቸው። አሰቡበት። “እንደሱ ከሆነ ጥሩ” አሉና በሁለተኛው አለፉ።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ነበር። እኔ ሎስ አንጀለስ የአክስቴ ልጅ ስላለ ከደቡብ እንጀምር እላለሁ፤ መኪናም ያውሰናል። እሳቸው ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ከሰሜን ስትወርጂ ባሕሩ በጎንሽ ነው፤ ከደቡብ ስትወጪ ግን የሌላውን ሰው መንገድ አሻግረሽ ነው የምታይው። በዚህ ነገር በየቀኑ ተጨቃጭቀናል ብል ውሸት አይሆንም። አንዳንዴ የእሳቸው እንደሚሻል እያወቅኩ፣ ጭቅጭቁ ስለሚጣፍጠኝ ብቻ አልለቅም እላለሁ።

ከጭቅጭቃችን ይልቅ የከበደን የሰው ጥያቄ ነበር። የኛ ሰው ለማየት ብቻ ሲሄድ አይታወቅም፤ የሚሄደው ወደ ሰው ነው። ካርታውን ያየ ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ “እዚያ ማን አለዎት?” ማንም የለኝም ሲሉ ፊቱ ላይ ሐዘን ይታያል። ዘመድ በሌለበት አገር ምን ይሠራል? ታዲያ ወዲያው መፍትሔ ያመጣል። ሳን ሆዜ ወንድሜ አለ፣ ሆቴል የሚባል ነገር እንዳልሰማ። ኦክላንድ የክርስትና ልጄ አለች። አድርሱልን እየተባለ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ የሙሽራ ቀሚስ ይመጣል። እትዬ አስካለ ማንንም ማስቀየም አይችሉም፤ የቢሮው ጥግ በፌስታል ተሞላ። በየሰዉ ቤት ከገባን፣ አሉኝ፣ ምሳ በልተን እራት በልተን፣ ክርስትና ተጠርተን፣ ባሕሩን ሳናየው ነው የምንመለሰው።

ስለዚህ ዋሹ። አንድ ቀን ስካይላይን የሚኖሩ ወይዘሮ በላይነሽ የሚባሉ ደንበኛችን ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ፣ እትዬ አስካለ ከካርታው ቀና ሳይሉ “አክስት አለችኝ” አሉ። የት? ጣታቸው ካረፈበት፣ ከቢግ ሰር። ስማቸው ማነው? የውብዳር። ምን ይሠራሉ እዚያ? “ገደሉ አፋፍ ላይ ቤት አላት። ብቻዋን ናት።” እኔ ሳቄን ለመደበቅ መሳቢያ ውስጥ ገባሁ።

ውሸቱ እንዴት እንደሠራ። ወሬው ሲልቨር ስፕሪንግንና አሌክሳንድሪያን አዳረሰ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። አክስት ልትጠይቅ ነው፣ አለቀ። የሰዉን አደራ በየስሙ ሎስ አንጀለስ ላለው ለአክስቴ ልጅ በፖስታ ላክነው፤ እሱ እንዲያድል። እኛ ደግሞ በሴትዮዋ መጫወት ጀመርን። በሰው ፊት “እሳቸው” እንላታለን፤ ሁለታችን ስንሆን የውብዬ ናት። የውብዬ ዛሬ ጉልበቷን አሟት ይሆን? የውብዬ ዓሣ ትወዳለች። አንድ ነገር ብቻ አላሰብንበትም። ወይዘሮ በላይነሽ አንድ ቀን ጋቢ ይዘው መጡ፤ እናታቸው የፈተሉት፣ ለራሳቸው ያስመጡት ጋቢ ነው። እኒያ ሴትዮ ብቻቸውን በባሕር ንፋስ ሲመቱ ታይተውኝ እንቅልፍ አጣሁ አሉ። እትዬ አስካለ ቢሉ ቢሠሩ እምቢ ማለት አልቻሉም። ሴትዮዋ ከወጡ በኋላ ጋቢውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጫፉን በጣታቸው ዳበሱት። “እንግዲህ የግድ ልትኖር ነው” አሉ በመጨረሻ። ለሌላ ሰው ሊሰጡትም፣ ሊለብሱትም አልቻሉም። አደራ ነዋ።

ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን፣ እሳቸው ለምሳ ወጣ እንዳሉ አቶ ግርማ ከሀያትስቪል መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ደብረ ማርቆስ ከእናታቸው ጋር ይኖር የነበረው የእትዬ አስካለ ወንድም ማረፉን ነገሩኝ። በማግስቱ ማለዳ አሌክሳንድሪያ ቤታቸው ሊያረዷቸው ተቀጣጥረዋል፤ ማታውን የሚያሳፍራቸው ቲኬት ይፈልጋሉ። ከሌላ ቦታ እንዳይገዙ የእትዬ አስካለ የፓስፖርት መረጃ ያለው እኛ ዘንድ ነው። ቲኬቱን ቆረጥኩ። አቶ ግርማ ኪሳቸው ከተቱትና በኋላው በር ወጡ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እትዬ አስካለ በወረቀት ከረጢት የወይን ዘለላ ይዘው ገቡ። ለናፓ መለማመጃ ነው አሉና ካርታው ላይ አስቀመጡት። ቀይ እርሳሳቸውን ከፀጉራቸው መዘው፣ ያንኑ የፈረደበትን ክርክር አነሱ። ወትሮ የምለውን ማለት ነበረብኝ፤ ያስተማሩኝም እሱን ነው። አልቻልኩም። እሺ፣ ከሰሜን እንጀምር አልኳቸው።

እርሳሱን አስቀመጡት።

“ዛሬ ደግ ሆንሽ፣ ሂሩት” አሉኝ።

እንባዬ ሲመጣ እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ያዙኝ፤ እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር። “ማን እንደሆነ አትንገሪኝ” አሉ። “የነገዎቹን ሥራ አትውሰጂባቸው፤ ለፍተው ተሰባስበዋል። ዛሬ ቀኑ ገና አልመሸም። ቁጭ በይና ከሰሜን ጀምሪልኝ።”

ጀመርኩላቸው። እኔም እሳቸውም ያላየነውን አገር፣ ከጉዞ መጽሐፍና ከዚያ ፖስተር የለቀምነውን እየቀጣጠልኩ ተረክሁላቸው። ስልኩ ይጮኻል፤ ማንም አያነሳውም። ድልድዩን በጉም ተሻገርን። ናፓ ስንደርስ ከረጢቱን ከፈቱና ከወይኑ ዘለላ አንድ ፍሬ ቆርጠው ሰጡኝ፣ አንድ ለራሳቸው። መስመር መስመር የተተከለ ነው አልኳቸው፤ አፈሩስ አሉ፤ ቀይ ነው አልኩ፣ ቀይ መሆኑን ሳላውቅ። ወደ ባሕሩ ስንወርድ መስኮት ክፈቺ አሉኝ። የቢሮውን መስኮት ከፈትኩት፤ የኮልስቪል መንገድ ጫጫታ ገባ። ጣታቸው በቀስታ ይወርዳል፣ እኔ አወራለሁ። ገደሉ በግራ፣ ባሕሩ በቀኝ፣ እንዳሉትም ከጎናችን።

ቢግ ሰር ላይ ጣታቸው ቆመ። እዚህ እንግባ አሉ። የውብዬ በር ላይ ቆማለች አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ከዘመዶቼ ሁሉ” አሉ፣ “ማን ታመመ፣ ማን ሞተ ብዬ የማልሄድባት እሷ ብቻ ናት። ለምን መጣሽ አትለኝም።” ከዚያ ግንባራቸውን ካርታው ላይ አድርገው ያለ ድምፅ አለቀሱ። እኔ ጀርባቸውን እያሻሸሁ አብሬ አለቀስኩ። ቀና ሲሉ ፊታቸውን ጠርገው፣ ከዚህ በታች ያለውን ለሌላ ጊዜ እናድርገው አሉ። ካርታውን በየእጥፋቱ አጥፈው የተረፈውን ወይን ለእኔ ትተው ወደ ባቡራቸው ሄዱ።

በማግስቱ ማለዳ ከመርዶ ነጋሪዎቹ ጋር እኔም ነበርኩ። በሩን የከፈቱት በሌሊት ልብሳቸው ነው፣ ከእንቅልፍ እንደተነሳ ሰው። ምነው በደህና አሉ። ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ ሲነግሯቸው ጮኹ፣ ደረታቸውን መቱ፤ ወንድማቸው መሆኑን ያወቁት በርግጥም ያን ጊዜ ነው፣ ልቅሷቸው የውነት ነበር። ግን እኔ ሳሎኑን አየሁት። ሶፋው ወደ ጥግ ተገፍቷል፣ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተከትለው ዙሪያውን ተደርድረዋል፣ ጠረጴዛው ላይ የውሃ ብርጭቆ ተሰልፏል። የራሳቸውን ለቅሶ ቤት አዘጋጅተው ነው የተኙት። ከእኔ በቀር ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ኤርፖርት የሸኘኋቸው ቀን ያን ጋቢ አስታቀፉኝ። አርባውን አውጥቼ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ አደራ አሉኝ። አልተመለሱም። እናታቸው ብቻቸውን ቀርተዋል፤ ከእሳቸው ሌላ የሚጦራቸው የለም። እናታቸውም ዕድሜ አላቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሆዴ ስንት ቀን አምቻቸዋለሁ። እትዬ አስካለ ግን አንድም ቀን አላማረሩም። ስንደዋወል መስመሩ እየተቆራረጠ የሚጠይቁኝ፣ የናፓ ወይን ተለቀመ ወይ፣ የውብዬስ ደህና ናት ወይ እያሉ ነው። ደህና ናት፣ ትጠብቅዎታለች እላቸዋለሁ። እናታቸው ሲያርፉ ደግሞ የእሳቸው ስኳር በርትቶ እግራቸውን ያዛቸው። በመጨረሻ ስንነጋገር ድምፃቸው ደክሟል። “ጋቢውን በቃ አንቺ አድርሺላት” አሉኝ። “እኔን አትጠብቂ።” እንዴት ተደርጎ፣ አብረን ነው የምንሄደው ብዬ ተከራከርኳቸው፤ ደግ አልሆንኩም። ሲስቁ ሰማኋቸው።

እኔ በመሀሉ አንዴ ሎስ አንጀለስ ደርሻለሁ፤ ለአክስቴ ልጅ ሰርግ፣ በአውሮፕላን። በመኪና የባሕሩን ዳር ላሳይሽ ብሎኝ ነበር፤ አልሄድኩም። እሳቸው ያላዩትን ማየት የሌላ ሰው ማዕድ ላይ መቅረብ መሰለኝ። ናፍቆቱ ግን እንዳለ ነው። ያላየሽው አገር እንዲህ ይናፍቅሻል ብሎ የነገረኝ ቢኖር እስቅበት ነበር።

ከግሮሰሪው ባዶ እጄን ቤት ስገባ ባለቤቴ ሽንኩርቱስ አለኝ። እትዬ አስካለ ማረፋቸውን ነገርኩት፤ አብሮኝ ተቀመጠ፣ አጽናናኝ። ትንሽ ቆይቼ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ጋቢውን አወረድኩ። በዚህ መስከረም ፈቃድ ወስጄ ካሊፎርኒያ እሄዳለሁ አልኩት።

“እዚያ ማን አለሽ?” አለኝ።

“ሰው አለኝ” አልኩት። “አደራ ላደርስላት ነው።”

ሎስ አንጀለስ ያለው የአክስቴ ልጅ መኪና ያውሰኝ እንደሆነ እንድጠይቀው ነገረኝ፤ ከዚያ ብነሳ ይቀለኛል አለ። አይሆንም አልኩት። ከሰሜን ነው የምጀምረው።